ለጋሽ ያኒ ዕረፍት ዋስ የሆንኩ ጊዜ

በደርግ ዘመን ዲላ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ባለቤቴ ታደለች የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ትውልዴ ቡሌ ነው። ቤተሰቦቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ በየጓዳው እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለነበርኩ እንኳን ልዘምር ጮክ ብዬ አላስነጥስም።

የዓለምን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ሰቅዬ ስለ ሜዲትራኒያን የአየር ጠባይ አስተምራለሁ፤ ወይን፣ ወይራ፣ ደረቅ በጋ እያልኩ። ራሴ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄጄ አላውቅም። የመሄድ ሐሳቡም አልነበረኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ካርታው የእንጀራዬ መሣሪያ ነበር እንጂ እዚያ ላይ ሰው የሚኖር አይመስለኝም ነበር።

አንድ የግንቦት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ወጥተው ደብተር ሳርም ጋሽ ያኒ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ያኒን ዲላ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። አባታቸው ግሪካዊ ቡና ነጋዴ፣ እናታቸው የጌዴኦ ሴት ነበሩ። አባትየው ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው እዚሁ ዲላ ሞቱ። ጋሽ ያኒ በእናታቸው ቤት ቆጮ እየበሉ፣ ጌዴኦኛ እየተናገሩ አደጉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ቀይ ፊታቸውን፣ የግሪክኛ ፊደላቸውንና ማሽን የሚያዳምጥ ጆሯቸውን ነው። ኮንጋ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መካኒክ ነበሩ። ጣቢያው ሲወረስ ባለቤቶቹ አገር ጥለው ሄዱ። እሳቸው ቀሩ፤ እሸት ቡናውን የሚፈለፍለውን ማሽን አንጀቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ መንግሥትም አልነካቸውም።

እጃቸው ላይ ፖስታ ይዘዋል። ደብዳቤው ከእህታቸው ነበር። አባታቸው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት እዚያ አገራቸው ላይ የወለዷት፣ እሳቸው ዓይተዋት የማያውቋት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት እህት። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ጻፈችላቸው፦ ልጇ መርከበኛ ስለሆነ የአውሮፕላን ቲኬት ሊገዛላቸው እንደሚችልና ለአንድ ወር እንዲመጡ።

«ቦታውን አሳየኝ» አሉኝ። «ስሙን አውቀዋለሁ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። ፓትሞስ ይባላል።»

ካርታው ላይ ፈለግን፤ የለም። ከቢሮ ትልቁን አትላስ አምጥቼ ግሪክና ቱርክ መካከል ያለውን ባሕር ገለጥኩ። ደሴቶቹ እንደ ተበተነ ጤፍ ናቸው። በማስመሪያ እየተከተልኩ ሳነብ አንዲት ነጥብ አጠገብ ስሙን አገኘሁት። ጋሽ ያኒ በግሪስ የጠቆረ የጣታቸውን ጥፍር አስጠጉበት፤ ጥፍሩ ደሴቲቱን ከነባሕሯ ሸፈናት።

እኔ ግን ሌላ ነገር ይዞኝ ነበር። ፓትሞስ፣ ፓትሞስ እያልኩ ሳሰላስል ድንገት ገባኝ። ይህቺማ ፍጥሞ ናት። እናቴ ቡሌ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስታነብልን የሰማኋት፣ ቅዱስ ዮሐንስ በግዞት ሆኖ ራእዩን ያየባት ደሴት። ለእኔ ፍጥሞ መጽሐፍ ውስጥ ያለች እንጂ ምድር ላይ ያለች አልነበረችም። እህትየው እዚያ ትኖራለች። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳቸው።

«ዳቦ ጋጋሪ ነበረች» አሉ። «አሁን እግሯን ስላመማት ምራቷ ናት የምትጋግረው።»

ፍጥሞ ላይ ዳቦ ቤት አለ። ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ለታደለች መጀመሪያ የነገርኳት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ያኒ ዲላ በመጡ ቁጥር ትምህርት ቤት ጎራ ይሉ ጀመር፤ ጉዞውን አብረን አቀድነው። ጊዜው ክረምት እንዲሆን ወሰንን፤ ማሽኑ የሚቆምበት ወቅት ነው፤ ለመስከረም ፍተሻ ተመልሰው ይደርሳሉ። ከዲላ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ አቴንስ በአውሮፕላን፣ ከአቴንስ ወደብ ደግሞ በመርከብ። መርከቡ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማታ ተነሥቶ ጠዋት ይደርሳል ብላ እህታቸው ጻፈች። በቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ደሴቲቱ አሥር መስመር አገኘሁ፦ ኮረብታው አናት ላይ ምሽግ የመሰለ ጥንታዊ ገዳም አለ፣ ዙሪያውን ነጭ ነጭ ቤቶች፣ ከኮረብታው ወገብ ላይ ዮሐንስ ነበረበት የሚባለው ዋሻ። አሥሩን መስመር በቃሌ ያዝኩት።

እያንዳንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ወንዝ ከሌለ ውኃ ከየት ይጠጣሉ? የባሕር ወንበዴ ስለፈሩ ነው ገዳሙን እንደ ምሽግ የሠሩት? በክረምት ዝናብ ከሌለ ከብቱ ምን ይበላል? ጋሽ ያኒ የጥያቄ ዝርዝር ጻፉ፤ የእኔም ተጨመረበት፤ ሁለት ገጽ ሞላ። አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ የጓጓሁበት ጊዜ አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩላቸው። በዚያን ጊዜ ከአገር መውጣት ቀላል አልነበረም። የጉዞው ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ «ለሕክምና» ብንል ይሻላል አልኳቸው። አልታመምኩም አሉኝ። «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩ። እህቴ የጻፈችው ለዕረፍት ና ብላ ነው፤ እንደዚያው ጻፈው አሉ። ጻፍኩት። የቦታውን ስም ግን በለመድኩት ፍጥሞ ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ የእኔ ስሕተት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አብረን የመውጫ ፈቃድ ማመልከቻ የሚቀበለው የመንግሥት ቢሮ ቀረብን። ጉዳዩን የያዘው ሰው ጓድ መርዕድ ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ወረቀቱን አነበበና ቀና አለ።

«ለሕክምና ነው?»

«አይደለም» አሉ ጋሽ ያኒ።

«ለስብሰባ?»

«አይደለም። ለዕረፍት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚያ ሄደው ምን ሊሠሩ?»

«ምንም ላልሠራ። ልቀመጥ። ልይ።»

ያሾፉበት እንደሆነ ፊታቸውን መረመረ። አላሾፉም። ዲላ ውስጥ ሰው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለገበያ ይሄዳል እንጂ ባሕር ተሻግሮ ሊቀመጥ የሚሄድ ሰው ከዚያ በፊት ወደ ቢሮው አልመጣም። ከዚያ የጓድ መርዕድ ዓይን የቦታው ስም ላይ ወደቀ። የቄስ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው።

«ፍጥሞ?» አለ። «የዮሐንስ ራእዩ ፍጥሞ?» ወደ እኔ ዞረ። «ይህንን የጻፍከው አንተ ነህ፤ የቡሌ ልጅ ነህ አሉ። ቤተሰቦችህን እናውቃለን። ይህ የሃይማኖት ጉዞ ነው?»

የሃይማኖት ጉዞ የጴንጤ ልጅ አመለከተ ከተባለ ከማመልከቻው ይልቅ እኔ ነበርኩ የምመረመረው። ጋሽ ያኒ ግን ረጋ ብለው አባታቸው የዚያ ደሴት ዓሣ አጥማጅ ልጅ እንደነበሩ፣ ስሙን መምህሩ በአማርኛ ስለጻፈው እንጂ በአገሩ ቋንቋ ፓትሞስ እንደሚባል፣ እህታቸው ሳትሞት ሊያይዋት እንደሚፈልጉ ነገሩት። ጓድ መርዕድ ሰረዘና በእጁ ፓትሞስ ብሎ አረመው። ለምን እንዳለፈን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ወረቀቱን ከማጠፉ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሕሩ ከአዋሳ ሐይቅ ይበልጣል?» ሲል ጠየቀኝ። በጣም ይበልጣል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሁኔታውን ነገረን። ሁለት ዋስ ያስፈልጋል፤ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት። ተጓዡ በተባለው ቀን ካልተመለሰ ዋሶቹ ይጠየቃሉ። «ማሽኑ የሚያወጣው ቡና የአገር የውጭ ምንዛሪ ነው» አለ። «ሰውየው ቢቀሩ ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ።» ወረቀቱ ዓርብ አዲስ አበባ ስለሚላክ እስከ ዓርብ አራት ሰዓት መፈረም ነበረበት።

የመጀመሪያው ዋስ ያንኑ ዕለት ተገኘ። ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ፣ ሱቅና ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ጋሽ ያኒ መኪናቸውን ለዓመታት ጠግነውላቸዋል። ሐጂ ነገሩን ቆመው ሰምተው ቆመው ፈረሙ። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ጠፋ። የጣቢያው ኃላፊ ልጆቹን ቆጥሮ አልችልም አለ። ሌላው ከአለቃዬ ልመካከር ብሎ በዚያው ቀረ። ጋሽ ያኒ እኔን አልጠየቁኝም። እኔም እንዳይጠይቁኝ ስፈራ፣ ስላልጠየቁኝ ደግሞ ስሳቀቅ ረቡዕ አለፈ።

ራት ላይ ለታደለች ነገርኳት። ሰማችኝና «ይመለሱ እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል?» አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም። ስለ ዋሻው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ከብቱ መኖ ሁለት ገጽ ጥያቄ ጽፌ ይህቺን አንዷን አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሐጂ መኪና ወደ ይርጋጨፌ ሲወርድ ተሳፈርኩና ኮንጋ መገንጠያው ላይ ወረድኩ። ጭቃውን በእግሬ አልፌ ጣቢያው ስደርስ ጋሽ ያኒ ማሽኑን ፈተው በጆንያ ላይ ደርድረውት፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ እየጠረጉ አገኘኋቸው። መምጣቴ አልገረማቸውም። የምቀመጥበት ሣጥን ገፋ አደረጉልኝ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «ጋሽ ያኒ፣ ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ የነበረውን ብረት አስቀመጡ። የውኃው ቦይ ሲፈስ ይሰማኛል።

«አላውቅም» አሉ።

ሣጥኑን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«እመለሳለሁ ማለት ቀላል ነው። እዚህ የምጠብቀው ልጅ የለኝም፤ ባለቤቴ ሞታለች። እዚያ ደግሞ ምን እንዳለ አላየሁም። ቦታውን ሳላይ፣ እህቴን ሳላይ ምን እንደሚሰማኝ እንዴት አውቃለሁ? ልመለስ አስቤ ነው የምሄደው። የማስበው እንደዚያ ነው። ከዚያ በላይ ብነግርህ ውሸት ነው። አትፈርም፣ መምህር። ሚስትህ እርጉዝ ናት።»

ይህን ብለው ወደ ብረታቸው ተመለሱ። መኪናው እስኪመለስ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሰጡኝን ብረት ስጠርግ ቆየሁ። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አላነሣንም።

ያን ዘመን የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠበቅበትን ነበር የሚናገረው። በስብሰባ የምንለው፣ በሰልፍ የምንለው፣ በሥራ ቦታ የምንለው ሁሉ የተዘጋጀ ነበር። እኔ ራሴ ያላመንኩበትን ስንት ጊዜ በጭብጨባ አጽድቄያለሁ። መልሱ እንደሚጎዳው እያወቀ «አላውቅም» ያለኝ ሰው ግን ከዓመታት ወዲህ አላጋጠመኝም ነበር። እውነቱን ሳያድበሰብሱ የነገሩኝ ሰው ቢቀሩ እንኳ አያታልሉኝም ብዬ አሰብኩ። ይህ ሐሳብ ትክክል ይሁን አይሁን አላመዛዘንኩም። ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ። ጓድ መርዕድ ፊርማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተ።

ለታደለች የነገርኳት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ተቆጣች። ኋላ «ምን አሉህ?» አለችኝ። አላውቅም አሉኝ አልኳት። «አላውቅም ብለውህ ፈረምክ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ያኒ ፈቃዳቸው ደርሶ ሄዱ። ሻንጣቸው ውስጥ ኢዲዶ ከሚባለው የአካባቢያችን መንደር የመጣ ቡና ለእህታቸው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያ ሁለት ገጽ ጥያቄ ነበር። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነው እጄን ጨበጡኝ።

ወሩ አለፈ። የመመለሻቸው ዕለት ዝናቡ ሲወርድ ዋለ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ጠበቅኩ፤ አልመጡም። በማግሥቱም አልመጡም። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። ሐጂ ለንግድ ወጥተው ስለነበር እኔን ብቻ ይዘውኝ ሄዱ።

ያሰሩኝ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። አሥር የምንሆን ሰዎች ነበርን። በምን ገባህ ሲሉኝ በዋስትና አልኳቸው። ለማን ዋስ ሆነህ? ለዕረፍት ለሄዱ ሽማግሌ። ሳቁብኝ። ቡና በድብቅ ሲያሻግር የተያዘ አንድ ሰው ግን «ወዴት ነው የሄዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱ ሲጠይቀኝ፣ ሌላው ሲጨምርበት፣ ወለሉ ላይ ባለው አቧራ በጣቴ ባሕሩን ሣልኩ፣ ደሴቶቹን ነጠብኩ፣ ኮረብታውንና ገዳሙን አሳየሁ። መርከብ ሲመጣ ከኮረብታው ላይ ስንት ሰዓት ቀድሞ ይታያል? ዓሣው ምን ዓይነት ነው? ለማላውቀው ነገር አላውቅም እያልኩ፣ ለማውቀው እያስረዳሁ መሸ። በማግሥቱ ከሰዓት ወደ ውጭ አውጥተው ሲመልሱን ሥዕሉን ማንም አልረገጠውም፤ ሁሉም ዞሮ ነበር የገባው።

ፍርሃት አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ታደለች ምግብ ስታመጣ በሩ ላይ የምናወራው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ወሯ ገብቷል። ሳያት ፊርማዬ ያሳፍረኝ ነበር። የማስበው ግን የሚገርም ነው፤ ቀሩ ወይ ብቻ ሳይሆን ምን አይተው ቀሩ እል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታደለች ባዶ እጇን መጣች። ከእሷ ኋላ ጓድ መርዕድ ነበር። ጋሽ ያኒ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ቤታቸው ሳይገቡ፣ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ ቢሮ ሄደው መጣሁ ብለዋል። ለቀቁኝ።

ከበሩ ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። ፀሐይ ፊታቸውን አጥቁሮታል። ሰላም ከመባባላችን በፊት ይህንን አሉኝ፦

«ስማኝ፣ መምህር። በቀኑ የምትነሣዋን መርከብ አውቄ አሳለፍኳት። ወደቡ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ሄደች። ሁለተኛዋን ነፋስ ስለነበረ ከለከሏት። ሦስተኛዋ ላይ ወጣሁ። ነፋስ ነው ልልህ እችል ነበር።»

ለምን እንደተመለሱ ጠየቅኳቸው። እህታቸው ክፍል አዘጋጅታላቸው ነበር፤ እዚሁ እንዲቀሩ ጠይቃቸዋለች፤ ልባቸው ፈቅዶም ነበር። «ከዚያ ለዕረፍት እንደመጣሁ አሰብኩ» አሉኝ። «ዕረፍት ከሆነ ያልቃል። አለቀ፤ መጣሁ።»

የታሰርኩበትን ነገር ሲያስቡ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር። ባለቤቴን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳቸውም። በስምንተኛው ቀን መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ሁለቱም ገጽ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር በእርሳስ ተሞልቷል። ውኃው የዝናብ ነው፤ በየቤቱ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ሃያ ሰው አይዝም። ከብት ብዙ የለም፤ ፍየል ነው። እያነበብኩ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሌላ ጥያቄ ስጠይቃቸው ራሴን አገኘሁት። ሴት ልጃችን የተወለደች ዕለት ከጎረቤት ቀድመው ቤታችን የደረሱት እሳቸው ነበሩ።

ያ ክረምት እኔን ሌላ ሰው አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍቴን ቤት ተቀምጬ አሳልፌው አላውቅም። መጀመሪያ የጌዴኦን ኮረብቶች በእግሬ አዳረስኩ፤ ኋላ በሐጂ መኪና እስከ አሰብ ድረስ ወርጄ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣውን ባሕር በዓይኔ አየሁ። ተማሪዎቼን «አላውቅም፣ እንፈልገው» ማለት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ይህቺን ቃል ለማለት መጋዘን ውስጥ መታሰር ነበረብኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰው ትክክል አድርገህ ነበር ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሰው አላውቅም ሲላችሁ ፈርሙለት አልላችሁም፤ እኔን ያዳነኝ ሦስተኛዋ መርከብ ናት፤ እሷም ልትቀር ትችል ነበር። እሳቸው ያችን መርከብ ባይሳፈሩ ኖሮ ይህንን ታሪክ የምነግራችሁ በሌላ ድምፅ ነበር። ያም ሆኖ፣ ዛሬም ያ ወረቀት ፊቴ ቢቀርብ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን ቤቴ ገብቼ ለታደለች እነግራታለሁ።